ጥፋተኛው ጥርስ አልነበረም

ሕመሙ በጠባይ ይጀምራል። እስከ ትናንት ሲፍለቀለቅ የከረመ የስምንት ወር ሕፃን በድንገት ነጭናጫ ይሆናል፤ ሲያቅፉትም ሲያስተኙትም ያለቅሳል። ቀጥሎ እጆቹና እግሮቹ ያብጣሉ፣ ደማቅ ሮዝ ቀለም ይይዛሉ፣ ቆዳቸው እየተቀረፈ ይነሣል። የአፍንጫው ጫፍና ጉንጩም ይቀላል። ላብ ያጠምቀዋል። ብርሃን ስለሚያሠቃየው በሆዱ ተደፍቶ ፊቱን ትራስ ውስጥ ይቀብራል። ጡንቻው ከመላላቱ የተነሣ መቀመጥ የለመደ ልጅ መቀመጥ ያቅተዋል። ለሃጩ ያለማቋረጥ ይዝረበረባል፣ ድዱ ያብጣል። ሕመሙ ሲጠና ገና የበቀሉት ጥርሶች ተነቃንቀው ይወድቃሉ፤ ልጁም ጸጉሩን በገዛ እጁ ይነጫል። ይህ ሁሉ የቀናት ሳይሆን የወራት ሥቃይ ነው። አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ይድኑ ነበር። የማይድኑም ነበሩ፤ በእንግሊዝና ዌልስ ብቻ ከ1939 እስከ 1948 ባሉት ዓመታት 585 ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአውስትራሊያ፣ በእንግሊዝ፣ በስዊዘርላንድና በአሜሪካ የሚሠሩ የሕፃናት ሐኪሞች ይህን ሕመም ሲያዩት ወዲያው ይለዩት ነበር። ጀርመናዊው ዶክተር ዜልተር በ1903 ጽፈውበታል። የአዴሌዱ ዶክተር ሃሪ ስዊፍት በ1914 ኒውዚላንድ ኦክላንድ በተካሄደ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ አቅርበውታል። የዙሪኩ ፕሮፌሰር ኤሚል ፌር ደግሞ በ1920ዎቹ በዝርዝር ስላጠኑት በአውሮፓ በስማቸው ይጠራ ጀመር። በሕክምና መጻሕፍት አክሮዲኒያ ተባለ፤ ወላጆችና ነርሶች ከመዳፉ ቀለም ተነሥተው ሮዝ በሽታ አሉት።

ምክንያቱን ግን ማንም አላወቀም። የሚያጠቃው በአብዛኛው ከአራት ወር እስከ ሦስት ዓመት ያሉትን ሕፃናት ነው። ተላላፊ ነው እንዳይባል፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚያድጉ ልጆች አንዱ ይታመምና ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይቀጥላል። አንዳንዶቹ ያልታወቀ ጀርም ነው አሉ። ሌሎች የቆዳውን መላጥ አይተው የቫይታሚን ቢ እጥረት ነው አሉ፤ ቫይታሚን ሰጡ፣ ልጁ አልተሻለውም። የዕጢዎች መዛባት ነው ያሉም ነበሩ። ምልክቶቹ አርሰኒክ የተባለውን መርዝ ስለሚያስታውሱ መመረዝን የጠረጠሩም አልጠፉም፤ ነገር ግን ለሕፃን መርዝ የሚሰጥ ማን ነው?

ለጥያቄው መልስ ያገኙት ዶክተር ጆሴፍ ዋርካኒ ናቸው። በ1902 ቪየና ተወልደው እዚያው ሕክምና ተምረው በ1932 ወደ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ሲንሲናቲ ከተማ መጡ፤ በከተማው የሕፃናት ሆስፒታል የምርምር ተቋም ውስጥም ሥራ ጀመሩ። በ1940ዎቹ ስማቸውን ያስጠራው ጥናት በአይጦች ላይ የተደረገ ነው። ያረገዘች አይጥ ከምግቧ አንድ ወሳኝ ንጥረ ነገር ሲጎድልባት አካላቸው የተዛባ ግልገሎች እንደምትወልድ አሳዩ። በዚያ ዘመን ከልጅ ጋር የሚወለድ ጉድለት ሁሉ በዘር የሚመጣ ይመስል ነበርና ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ግምት፣ ሮዝ በሽታንም በሌላ ዓይን እንዲያዩት ያደረጋቸው ይኸው ልምድ ነው፤ የሕፃንን ሕመም ከውጭ የገባ ነገር ሊያመጣው እንደሚችል በገዛ ላቦራቶሪያቸው አይተዋል።

በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ኬተሪንግ የሚባል ላቦራቶሪ ነበር። ሥራው የፋብሪካ ሠራተኞችን ጤና መከታተል ሲሆን፣ ኬሚስቱ ዶናልድ ሃባርድ በሽንት ውስጥ ያለን እርሳስና ሜርኩሪ በጣም በትንሽ መጠን እንኳ ቢሆን የሚለካ ዘዴ አዘጋጅተዋል። ዘዴው ለሕፃናት ተብሎ አልተሠራም። ዋርካኒ በ1945 የአንድ ታማሚ ሕፃን ሽንት ለሃባርድ ላኩና ከባድ ብረቶችን እንዲፈልጉ ጠየቁ። ሃባርድ ያገኙት አርሰኒክ አይደለም። ሜርኩሪ ነው፤ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት፣ ፈሳሽ ሆኖ የሚንከባለለው ብረት። መጠኑም ከፍተኛ ነበር።

አንድ ሕፃን ምንም አያረጋግጥም። ሌሎች ታማሚዎች ተፈለጉ፣ ሽንታቸው ተለካ፤ በአብዛኞቹ ሜርኩሪ ተገኘ። አሁን የቀረው ከየት መጣ የሚለው ነው፤ መልሱም በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ለትል የሚሰጥ ክኒን አለ፣ ቆዳ ላይ የሚቀባ ቅባት አለ። ከሁሉም በላይ የተለመደው ግን ጥርስ ለሚያወጣ ሕፃን የሚሰጠው ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ካሎሜል ይባላል፣ የሜርኩሪና የክሎሪን ውህድ ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሱቅ ይገዛል፤ አያትም እናትም በልጅነታቸው ወስደውታል። በእንግሊዝ እጅግ የታወቀው ስቲድማን የተባለው ዱቄት ነው፤ የንግድ ምልክቱ የድድ መብጫ ትንሽ ቢላዋ ነበር። ወደዚህ ምልክት እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከምንም በላይ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው። ሜርኩሪ ለሃጭ እንደሚያዝረበርብ ሐኪሞች ያን ጊዜ አዲስ አልሆነባቸውም። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ ቂጥኝ የሚታከመው በሜርኩሪ ነበር፤ የታማሚው አፍ በለሃጭ እስኪሞላ፣ ድዱ እስኪያብጥ፣ ጥርሱ እስኪነቃነቅ ድረስ ይሰጡታል። እንዲያውም የምራቁ ብዛት መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰድ ነበር። ማለትም ለ400 ዓመታት ያህል የሕክምና መጻሕፍት ሜርኩሪ ድድ ያሳብጣል፣ ምራቅ ያበዛል፣ ሰውን ያነጫንጫል ሲሉ ኖረዋል። ሕፃንም ጥርስ ሲያወጣ ድዱ ያብጣል፣ ለሃጩ ይበዛል፣ ይነጫነጫል። ስለዚህ እናት ልጇ ሲያዝረበርብ ዱቄቱን ትሰጠዋለች፤ ዱቄቱ ያዝረበርበዋል፤ ጥርሱ ጠናበት ብላ ትደግምለታለች። መርዙ የተደበቀው ሊያድነው ከመጣው ምልክት ጀርባ ነው። እናቶቹ የፈጸሙት ክፋት የለም፣ ቸልተኛም አልነበሩም። ልጃቸውን ሥቃዩ ላይ ጥለው ላለማለፍ የጣሩ ነበሩ።

በዙሪክ ደግሞ ፕሮፌሰር ጊዶ ፋንኮኒና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1947 ባወጡት ጽሑፍ በሌላ መንገድ ወደዚያው ደረሱ፤ ካሎሜል የወሰዱ ሕፃናትን ሲከታተሉ ሮዝ በሽታ የሜርኩሪ መዘዝ እንደሆነ ተረዱ። ዋርካኒና ሃባርድ ግኝታቸውን በ1948 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

ዓለም ግን ወዲያው አላመነም፤ ተቃውሞውም ከንቱ አልነበረም። ዱቄቱን የሚወስዱ ሕፃናት ብዙ ሺህ ናቸው፤ የሚታመሙት ጥቂት። በኋላ በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት ሜርኩሪ ከወሰዱ 500 ሕፃናት አንዱ ብቻ ይታመማል የሚል ነው። 499ኙ ጤነኛ ከሆኑ ዱቄቱ እንዴት ጥፋተኛ ይሆናል? ደግሞም በአንዳንድ ታማሚዎች ሽንት ሜርኩሪ አልተገኘም። የመጀመሪያው መልስ የአንዳንድ ሕፃን አካል ለዚህ ብረት ከሌላው ይልቅ ስሱ መሆኑ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ ልጁ ሆስፒታል እስኪደርስ መርዙ በከፊል ከሰውነቱ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ክርክሩን የዘጋው ክርክር አይደለም። በአውስትራሊያና በእንግሊዝ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ካሎሜል ከጥርስ ዱቄት ወጣ፤ የእንግሊዝ አምራቾች በ1954 ተዉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሮዝ በሽታ ከየሆስፒታሉ ክፍል እየጠፋ ሄደ። ለግማሽ ክፍለ ዘመን ሐኪሞችን ያስጨነቀው ሕመም ክትባትም አዲስ መድኃኒትም ሳይመጣለት ጠፋ፤ መስጠት ማቆም ብቻ በቃው። ዋርካኒ በ1966 ስለ አክሮዲኒያ የጻፉት ጽሑፍ ርዕስ የአንድ በሽታ የአስከሬን ምርመራ የሚል ነው። ያም ሆኖ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቦነስ አይረስ አንድ የዳይፐር ማጠቢያ ድርጅት ጨርቆቹን ሜርኩሪ ባለበት መድኃኒት ሲያክም ሮዝ መዳፍ ያላቸው ሕፃናት እንደገና ታዩ።

አሁን ወደዚያች ቢላዋ። ዱቄቱ የመጣው ከእሷ በኋላ ነው፤ ከሁለቱም በፊት የነበረው ፍርሃት ነው። ታላቁ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአንድ መስፍን የስምንት ወር ልጅ ሲሞት አስከሬኑን መረመሩ። ምንም አላገኙም፤ ድዱን ሲከፍቱ ብቻ ሊወጡ የተዘጋጁ ጥርሶች አዩ። እናም ድዱ ቀድሞ ቢቀደድለት ኖሮ ልጁ ይተርፍ ነበር ብለው ደመደሙ። ስምንት ወር የሞላው ሕፃን ሁሉ ድዱ ሥር ሊወጡ የተዘጋጁ ጥርሶች አሉት፤ ሌላ ምክንያት ባልተገኘበት ግን የታየው ነገር ምክንያት ሆነ። ከዚያ በኋላ ለ300 ዓመታትና ከዚያም በላይ ሐኪሞች የሕፃናትን ድድ ሲበጡ ኖሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት እንግሊዛዊ ሐኪም ማርሻል ሆል፣ አንድ ጊዜ አስፈላጊ ሆኖ ሳይበጡ ከሚቀሩ 199 ጊዜ ያለ አስፈላጊነት ቢበጡ እንደሚመርጡ ጽፈዋል። በ1839 በእንግሊዝና ዌልስ የሞት መዝገብ ላይ ጥርስ ማውጣት የ5,016 ሰዎች የሞት ምክንያት ተብሎ ተጽፏል። እነዚያ ሕፃናት በተቅማጥ፣ በሳንባ ምች፣ በማጅራት ገትር እንደሞቱ ዛሬ መገመት አያዳግትም፤ መዝገቡ ግን ጥርስ ይላል።

ለመሆኑ ጥርስ ድዱን በኃይል ቀድዶ ነው የሚወጣው? ካሂልና ማርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ በውሾች ላይ ያደረጉት ሙከራ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። ማንኛውም ሊበቅል ያለ ጥርስ በአጥንቱ ውስጥ ሳለ በስስ ከረጢት ይታቀፋል። ከረጢቱን ሲያወጡት ጥርሱ ሳይበቅል ቀረ። በሌላ ሙከራ ከረጢቱን ትተው ጥርሱን አወጡና በምትኩ የጥርስ ቅርጽ ያለው ብረት ከተቱበት። ብረቱ በቀለ፤ መንገዱ ከላይ ተከፈተለት፣ ድዱን አልፎ ወጣ። ሥራውን የሚሠራው ከረጢቱ ነው፤ ከላይ ያለውን አጥንት ቀስ በቀስ የሚያሟሙ ሴሎችን ይጠራል፣ ድዱም ሰዓቱ ሲደርስ ይከፈታል። ለ300 ዓመታት የበጡት ቢላዎች የሚያግዙት ነገር አልነበረም።

ለሃጩስ? ብዙ ሕፃናት ሦስት ወር ገደማ ሲሞላቸው ማዝረብረብ ይጀምራሉ፤ አያትም ወዲያው ጥርስ ሊያወጣ ነው ትላለች። የመጀመሪያው ጥርስ ግን በአብዛኛው ከስድስተኛው ወር በፊት አይመጣም። በዚያን ጊዜ የሆነው ሌላ ነው። የምራቅ ዕጢዎቹ በርትተው መሥራት ጀምረዋል፤ ልጁ ደግሞ ምራቁን ሰብስቦ የመዋጥ ልምድ ገና የለውም፤ እንዳይፈስስ የሚገድብ የፊት ጥርስም የለም። በዚያ ላይ እጁን አግኝቷል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፣ ይህም ምራቁን ይጨምረዋል። ለሃጭ የዕድገት ምልክት ነው። አገጩና አንገቱ እርጥብ ሆኖ እንዳይቆስል በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

ጥርሱ በእርግጥ በሚወጣበት ሳምንት ምን ይሆናል የሚለውን ደግሞ ሰዎች ተቀምጠው ለኩት። ሜልበርን ውስጥ ተካሂዶ በ2000 የታተመ ጥናት 21 ሕፃናትን በመዋያቸው በየሥራ ቀኑ እየመረመረ 90 ጥርሶች ሲወጡ ተከታተለ። ሙቀታቸው ተለካ፣ ተቅማጣቸው፣ ንጭንጫቸው፣ ለሃጫቸው ተመዘገበ። የጥርስ ቀናትና ተራ ቀናት ይህን ያህል የሚለያዩ ሆነው አልተገኙም። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ወላጆቹ ሲጠየቁ ሁሉም ልጄ ጥርስ ሲያወጣ ታሞ ነበር ማለታቸው ነው። በዚያው ዓመት የወጣ የክሊቭላንድ ጥናት በ125 ሕፃናት ላይ 475 ጥርሶችን ሲመዘግብ፣ ጥርሱ ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ጀምሮ እስከ ሦስት ቀን በኋላ መናከስ፣ ለሃጭ፣ ድድ ማሸት፣ ንጭንጭ፣ የእንቅልፍ ማጣትና መጠነኛ የሙቀት ጭማሪ ተጨምረው አገኘ። ከፍተኛ ትኩሳት ግን ከጥርሱ መውጣት ጋር የተያያዘ ሆኖ አልተገኘም። ከምልክቶቹም አንዳቸውም ከ35 በመቶ በላይ በሆኑት ሕፃናት ላይ አልታዩም። በ2011 የታተመው የብራዚል ጥናትም የሙቀት ጭማሪው እንደ ትኩሳት የሚቆጠር ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ አያት ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፤ ልጁ ትንሽ ያዝረበርባል፣ ትንሽ ይነጫነጫል። የሚያተኩሰውና የሚያስቀምጠው ልጅ ግን ሌላ ነገር አለበት።

ታዲያ ጥርስና ሕመም ለምን አብረው ይመጣሉ? ስድስተኛው ወር ብዙ ነገር በአንድ ላይ የሚደርስበት ወር ነው። ሲወለድ ከእናቱ የወሰደው መከላከያ እየሳሳ ይሄዳል። ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፤ የምግቡ ዕቃና ውሃ ንጹሕ ካልሆነ ጀርም አብሮ ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ወለል ላይ ይድሃል፣ ያገኘውን ይቀምሳል። ተቅማጥም ትኩሳትም በዚህ ይመጣሉ። ጥርሱም በዚያው ወር ብቅ ይላል፤ ከሁሉም በግልጽ የሚታየው ግን እሱ ነው።

ይህ ነገር የፈረንጅ ታሪክ ሆኖ ቢቀር በወደድኩ። በአገራችን በብዙ አካባቢ ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያተኩሰው ከንፈሩ ይገለጥና የክራንቻ ጥርሶቹ ያሉበት የድዱ ጎን ይታያል፤ እዚያ ነጣ ያለ እብጠት ከታየ ጥፋተኛው ተገኘ ይባላል። ወጌሻው ወይም የጥርስ ነቃይዋ በሹል ብረት ድዱን ከፍተው ገና ያልጠነከረውን የጥርስ እንቡጥ ያወጡታል። የወተት ጥርስ መንቀል የምንለው ይኸው ነው፤ እንጥል ከማስቆረጥ ጋር ጎን ለጎን ሲሠራበት የኖረ። እብጠቱ ግን በጊዜው ያለ ጤናማ ክራንቻ ነው፤ ማንም ካልነካው አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 23 ወር ባለው ጊዜ ይወጣል። አምብሯዝ ፓሬ ያዩትም እንዲህ ያለ፣ ሊወጣ የተዘጋጀ ጥርስ ነው።

የዚህን ዋጋ በዝርዝር ከመዘገቡት መካከል በእስራኤል የሚሠሩ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ይገኙበታል። ከኢትዮጵያ የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን አፍ ሲመረምሩ የወተት ክራንቻ የሌላቸው ብዙ አገኙ። አንዳንዶቹ በአጠገቡ ያለው ጥርስ ተጎድቷል፤ ቋሚው ክራንቻ በሥሩ ተደብቆ ስለሚያድግም የብረቱ ጫፍ እሱንም ያገኘዋል፣ ልጁ ትልቅ ሆኖ ጥርሱ ተጣሞ ወይም ጎድሎ ይወጣል። በ1994 የታተመ ጥናት ይህን ገለጸ፤ በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እዚያው እስራኤል በተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች ላይም ተመሳሳይ ጉዳት አሳየ። ይህ እንግዲህ በሕይወት የተረፉት ልጆች ጉዳት ነው። በተቅማጥ ፈሳሹ ተሟጦ የደከመ ሕፃን ላይ የሚደርሰው መድማት፣ መመርቀዝና መንጋጋ ቆልፍ ከጥርስ ጉድለት እጅግ የከፋ ነው፤ በዚያ ላይ ተቅማጡ እንደነበረ ይቀራል።

ዛሬ ከፋርማሲ የሚገዙ ማደንዘዣ ያላቸው የድድ ቅባቶችም አሉ። በውስጣቸው ቤንዞኬይን ካለ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጡ፤ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ሊያደርጉ ስለሚችሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 አስጠንቅቋል። ድዱ ላሳከከው ልጅ ንጹሕ ጣት ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ያስቀመጠውን ልጅ ግን ጡት ሳታቋርጡ ኦአርኤስና ዚንክ ስጡት፤ ሁለቱም ጤና ጣቢያ አሉ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ሰገራው ደም ካለበት የዚያኑ ዕለት ይዛችሁት ሂዱ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ አንድ ሌሊት እንኳ አትጠብቁ። ሐኪሙም ነርሷም እናት ጥርስ ነው ስትል ከሰሙ ምን ሰጥተሽዋል፣ ማንስ ነክቶታል ብለው በርኅራኄ ይጠይቋት።